ሬብ ዙንደልና የዕለቱ ገጽ

ጎረቤት ሁሉ ይመክራል። ከነገጽ ቁጥሩ የሚመክረው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የግድ ከእናንተ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራል።

በእስራኤል፣ በፔታህ ቲክቫ ከተማው ሕንፃችን ይህን ሹመት የያዙት በአክብሮት ሬብ የምንላቸው ዙንደል ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር። ጧት ጧት ምኩራብ ሄደው ከአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ከታልሙድ አንድ ገጽ ያጠናሉ። በቀን አንድ፤ ሁሉንም ለመጨረስ ሰባት ዓመት ተኩል። ችግሩ፣ ያጠኑት ሆዳቸው ውስጥ አይቀመጥም። ደረጃ ላይ ይጠብቁኝና፣ "ጌርሾን፣ ተአምር እኮ ነው! የዛሬው ገጽ ስለ አንተ ነው" ይላሉ።

ጎረቤታችን የጥርስ ሐኪሙ ኤልካና በኤሌክትሪክ ስኩተሩ የገጨኝ ዕለት ገጹ ስለሚዋጋ በሬ ነበር። እኔ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቻለሁ፤ እሳቸው ስኩተሩን ይመረምራሉ።

"ከዚህ በፊት ወግቶ ያውቃል?"

"ሬብ ዙንደል፣ እግሬ!"

"ቆይ እንጂ! ሦስቴ ከወጋ በኋላ የታወቀ ተዋጊ ነው፤ ባለቤቱ ሙሉ ካሳ ይከፍላል። ከዚያ በፊት ግን ግማሽ ነው።"

"የመጀመሪያው ነው!" አለ ኤልካና ቶሎ ብሎ።

"ውሸታም! ማክሰኞ እኔን የገጨኝ አህያ ነበር?" አሉ ወይዘሮ ፍሬሃ ከሰገነታቸው።

አምቡላንስ የጠራ የለም። ሕንፃው በሙሉ ስኩተር ቀንድ አለው ወይስ የለውም በሚለው ተከፋፍሎ እስከ ምሳ ተከራከረ። እኔ ራሴ፣ ተኝቼም ቢሆን፣ አለው ባይ ነበርኩ።

ከሃኑካ በዓል በኋላ ሬብ ዙንደል በሐሞት ጠጠር ሆስፒታል ገቡ። እውነቱን ለመናገር፣ እፎይ አልን። በማግስቱ ስልኬ ጮኸ።

"ጌርሾን፣ ልጄ። በስድስት ዓመት አንድ ቀን አላጎደልኩም። መድኃኒቱ ዓይኔን አደበዘዘው፤ አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ ቀዶ ጥገና ነው። ምን ይሻለኛል?"

"ሥራ ላይ ነኝ፣ ሬብ ዙንደል" አልኳቸው። ስልኩን ዘጋሁ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የመስኮት መዝጊያ የሚያክል የታልሙድ መጽሐፍ ታቅፌ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ።

አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ምላሴ እያነከሰ አነበብኩ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያርሙኛል። የዕለቱ ገጽ ስለጠፋ ዕቃ ነበር። ለቀዶ ጥገናው ሊወስዷቸው ሲመጡ አራት መስመር ቀርቶ ነበር።

"ሳልጨርስ አልሄድም!" አሉ አልጋውን ጨብጠው።

"አባቴ፣ ሐኪሙ እየጠበቀ ነው" አለ አልጋ ገፊው። ወደ እኔ ዞሮ፣ "አንተ፣ እየሮጥክ አንብብ!" አለኝ።

በኮሪደሩ ከአልጋው ጎን እየሮጥኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ። የመጨረሻዋን ቃል ስጠራ በሩ ተከፈተና ይዟቸው ገባ።

ቁጭ ብዬ ስጠብቅ አንዲት ነርስ የስልክ ቻርጀር ከወለሉ አነሳች። "የማን ነው? ባለቤት ከሌለው ልውሰደው።"

ብድግ አልኩ። "ቆይ እህቴ! ምልክት አለው?"

"የምን ምልክት?"

አስረዳኋት። ምልክት ያለውንና የሌለውን፣ ባለቤቱ ተስፋ የቆረጠበትንና ያልቆረጠበትን እየለየሁ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋት። ቻርጀሩን እጄ ላይ ጥላ ሸሸች።

ሬብ ዙንደል በሰላም ሲነቁ መጀመሪያ የነገርኳቸው ይህንን ነው። የደረቀ ከንፈራቸውን ላሱ።

"ሁለት ቦታ ተሳስተሃል" አሉኝ።

ወንበሬን አስጠጋሁ።