ጋሽ ከርከሮና የእመት ሸረሪት ክር

እንስሳት ከእኛ የተሻለ አማርኛ ይናገሩ በነበረበት ዘመን፣ ወንዝ ዳር በሚገኝ አንድ ጫካ ውስጥ ጋሽ ከርከሮ የሚባል ባለትዳር ይኖር ነበር። ጋሽ ከርከሮ ትጉህ ነው። ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሥራሥር ሲቆፍር ይውልና ያገኘውን ጓሮው ባለው ጉድጓድ ውስጥ ያጠራቅማል። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ እምቢ ማለት አያውቅም። አንድ ነገር ሲለምኑት ፊቱ ይቀላል፣ ጆሮው ይወድቃል፣ ከዚያ «እሺ» የምትለው ቃል ሳያስባት ከአፉ ሾልካ ትወጣለች።

በዚያ ዓመት ልጁ ትርንጎ ታጨች። ያጫት ከወንዙ ማዶ ያሉ የደህና ከርከሮዎች ልጅ ነው፤ እሷም ወዳዋለች፣ እሱም ወዷታል። የቀረው ጉድጓዱ ነበር። በከርከሮዎች ወግ የሰርግ ቀን የሚቆረጠው የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች መጥተው የሴቷን አባት ጉድጓድ ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ ነው። እስከ አፉ ከሞላ ጥር ላይ ይደገሳል። ካልሞላ ግን ሽማግሌዎቹ ማንንም አይሰድቡም፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ዘንድሮ ዝናብ ጥቂት ያወሩና ይሄዳሉ። ተመልሰውም አይመጡም።

ጋሽ ከርከሮ ለልጁ ሲል ከመስከረም ጀምሮ ቆፈረ። ጥፍሩ እስኪያልቅ ቆፈረ። ጉድጓዱ ግን አልሞላ አለ። ዛሬ የጨመረበትን ነገ ሲያየው የጎደለ ይመስለዋል፤ «ዓይኔ ነው» ይልና ይተወዋል።

የነገሩ ሥር ያለው እመት ሸረሪት ዘንድ ነበር። ድሮ በዚያ ጫካ ዘፈን ያማረው ወፎቹ ወዳሉበት፣ መሳቅ የፈለገው ጭላዳው ወዳለበት በእግሩ ይሄዳል። እመት ሸረሪት ግን አንድ ዘዴ አመጣች። ከወፎቹ ቅርንጫፍ አንስታ እስከ እያንዳንዱ ቤት ደጃፍ ክር ዘረጋች። ክሩን ጆሮ ላይ ሲያስጠጉት ዘፈኑ ከነቅላጼው ይሰማል። ጫካው ጉድ አለ። ብዙም ሳይቆይ የጭላዳው ቀልድ የራሱ ክር ወጣለት፣ የሚዳቋዎች ሩጫም እንዲሁ፤ ጦጣ ደግሞ በየሳምንቱ የሚቀጥል ታሪክ ጀመረች፣ ለእሷም ክር ተዘረጋ። የመጀመሪያው ወር በነጻ ነው። ከዚያ በኋላ ጨረቃ በታደሰች ቁጥር የእመት ሸረሪት ጉንዳኖች ይመጡና ከየጎተራው እፍኝ እፍኝ ይወስዳሉ። በር አያንኳኩም፣ ባለቤቱን አያስቸግሩም፣ ኮሽታም የላቸውም፤ የሚወስዱት እፍኝ ነውና ልብ የሚለውም የለም። ጫካው ሁሉ ስለ ጨዋነታቸው ያመሰግናቸው ነበር።

ጋሽ ከርከሮ ከጭላዳው ቀልድ በቀር አንዱንም ክር ወዶ አላስገባም። የዘፈኑን የሚስቱ የአክስት ልጅ ነው የሸጠለት፤ ልጁ እመት ሸረሪት ዘንድ ተቀጥሮ ነበርና ሰው ካላስመዘገበ ከሥራ እንደሚያባርሩት ነገረው። የሩጫውን ጎረቤቱ ሽኮኮ መጥቶ ሁሉም ሰው አስገብቷል፣ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት አለው። የጦጣዋ ታሪክ ለልጆች አእምሮ ጥሩ ነው ተባለ፤ ልጁ ለአቅመ ሔዋን መድረሷን ማን አስታወሰው። እንዲህ እንዲህ እያለ ደጃፉ ላይ ክር በክር ሆነ። ሚስቱ እትዬ የሺ ሌላ ጥቅም ስላላገኘችለት ያጠበችውን ሥራሥር ታሰጣበት ጀመር።

ጥር ሲቃረብና ጉድጓዱ ሲጎድል ጋሽ ከርከሮ ሌባ ገብቶብኛል ብሎ አመለከተ። የጫካው ዳኛ ጎሽ ሸንጎ ጠራ። ሸንጎው ላይ የተሰበሰበው ሁሉ የእኔም ጎተራ ጎድሏል አለ። አይጥን ጠረጠሯት፤ አይጥም የእኔስ መጉደሉን ማን ይይልኝ ብላ አለቀሰች። ቀኑን ሙሉ ሲከራከሩ ውለው በመጨረሻ በሙሉ ድምፅ ወሰኑ፤ እመት ሸረሪት የሌባ ወሬ የሚያሰማ አዲስ ክር በየቤቱ ትዘርጋ። ተጨበጨበ። ከሁሉ ቀድሞ የተመዘገበውም ጋሽ ከርከሮ ነበር።

ጨረቃ በታደሰችበት ቀን እሾህ ወግቶት ቤት ዋለ። በጓሮ በኩል ብቅ ሲል ጉንዳኖቹ ተሰልፈው ሥራሥሩን ተሸክመው ከጉድጓዱ ሲወጡ አገኛቸው። አለቃቸውን አስቁሞ የት እንደሚወስዱት ጠየቀው።

«ለክሮቹ ነው ጋሼ» አለ አለቃው፣ ሸክሙን ሳያወርድ። «ይቺ ለዘፈኑ፣ ያቺ ለሩጫው፣ ከኋላ ያሉት ለጦጣዋ ታሪክ። ያ ትልቁን የያዘው ደግሞ ለሌባው ወሬ ክር ነው፤ እሱ ነጻ ወር የለውም።»

«እኔ እኮ ሩጫ አድምጬ አላውቅም።»

«እሱን እናውቃለን። ክሩ ግን ተዘርግቷል» አለና ይቅርታ ጠይቆ አለፈ፤ ከኋላው ያሉት መንገድ ተዘግቶባቸው ነበር።

ጋሽ ከርከሮ እዚያው ቁጭ አለ። እያንዳንዱ የሚወስደው እፍኝ ነው፤ እፍኝ ለሰርግ ምኑም አይደለም። የሰልፉ ጭራ ግን ከቁጥቋጦው ማዶ ድረስ ይታያል። ሌባ ብሎ ሲፈልግ የከረመው ራሱ እሺ ብሎ ያስገባውን ነገር መሆኑ ገባው። ተናደደ፣ ከንዴቱ ይልቅ ግን አፈረ።

ክር ለማስገባት ደጅህ ድረስ ይመጡልሃል። ለማስቆረጥ ግን ጫካውን አቋርጠህ፣ ዳገቱን ወጥተህ፣ እመት ሸረሪት ደጅ ወረፋ መያዝ ነው። ጋሽ ከርከሮ እያነከሰ ሄደ። መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ቆጣ ብሎ ሲለማመድ ነበር። እመት ሸረሪት በእጆቿ ሁሉ ተቀበለችው። ስለ እግሩ አዘነችለት፣ ትርንጎ ለወግ ለማዕረግ በመብቃቷ ደስታዋን ገለጸችለት፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን አለችው። ፊቱ ቀላ። ጆሮው ወደቀ። ቤቱ ሲመለስ እትዬ የሺ ከኋላው አንድ አዲስ ክር ሲጎተት አየች። የእንቁራሪቶች ኅብረ ዝማሬ ነው፤ ለሰርጉ የተበረከተ፣ የመጀመሪያው ወር በነጻ።

እትዬ የሺ አልጮኸችም። አስቀመጠችውና ከእነዚህ ክሮች ሁሉ የትኛው ዝም ቢል ይናፍቅሃል ብላ ጠየቀችው። ብዙ አሰበ። የጭላዳው አለ፤ እሱን ሲሰሙ ባልና ሚስት ሆዳቸውን ይዘው ነው የሚስቁት። ሌላስ ብትለው ሌላ አልመጣለትም።

«እንግዲያው ለጭላዳው በወር አንድ እፍኝ ቆርጠን ደጃፍ ላይ እናስቀምጣለን፤ ጉድጓዱ ድንጋይ ይገጠምበታል» አለች። «የቀረውን በጥሰው።»

«እመት ሸረሪትን ሳላስፈቅድ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ፊትህ ላይ የበቀለው ጥርስ ምን ሊሠራልህ ነው? ትርንጎ ቤት ብትቀር እመት ሸረሪት ታገባታለች?»

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ከርከሮ ደጃፉ ላይ ቆመና የጭላዳውን ክር በጥንቃቄ ወደ ጎን አድርጎ አንገቱን አንዴ ወዘወዘ። ክሮቹ ጧ ጧ እያሉ ተበጠሱ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ኖሯል ብሎ ብቻውን ሳቀ።

ሳቁን ሳይጨርስ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሽኮኮ ከቋጥኙ ወረደ፣ ጥንቸል ከነልጆቿ መጣች፣ ጃርትም መጣ፣ ጎሽ ሳይቀር እየተንጎማለለ ደረሰ። ዘፈኑ ተቋረጠ፣ ሩጫው ተቋረጠ፣ ምን ነካዎት ይላሉ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠው። እያንዳንዱ ለአንድ አንድ ክር ብቻ ይከፍል ነበር፤ የተቀረውን ግን ከጋሽ ከርከሮ አጥር ላይ በቀጭኑ ቀጥሎ ወደ ቤቱ ወስዷል። ሽኮኮ ሩጫውን እንዲያስገባ የወተወተውም ለካ ራሱ ሊያደምጥ ኖሯል።

በዚህ ግርግር መሃል የሙሽራው ሽማግሌዎች ደረሱ፤ ከፊት ኤሊ ነበር። ሰላምታ ሰጠ፣ ወደ ጓሮ ዞረ፣ ጉድጓዱን ጎንበስ ብሎ አየ። ግማሽ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዘንድሮ ዝናቡ እንኳ» ብሎ ጀመረ።

ትርንጎ ከጓዳ ሆና ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ። ጋሽ ከርከሮ አያት። ፊቱ እንደ ልማዱ ቀላ፤ ጆሮው ግን አልወደቀም።

«ጉድጓዴ ጎዶሎ አይደለም፣ ጌታዬ» አለ ለኤሊው። «ግማሹ እነዚህ ጎረቤቶቼ ዘንድ ነው ያለው። ዓመቱን ሙሉ በጆሯቸው ሲበሉት ነበር። ዛሬ ሊመልሱልኝ ነው የመጡት።»

ኤሊ አንገቱን ቀስ ብሎ አወጣና ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ አያቸው። በእንግዳ ሽማግሌ ፊት ማን አይደለም ይላል? ይሉኝታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጋሽ ከርከሮ አደረች። ጎሽ ተንጠራርቶ አዎ፣ ለዚሁ ነው የመጣነው አለ። ከዚያ ሌላው ምን ምርጫ አለው? እያጉረመረሙ ሄዱ፣ ተሸክመው መጡ። ጥንቸል ካሮት አመጣች፣ ጃርት ድንች አመጣ፣ ሽኮኮ ትንሽ ነገር ይዞ ቢመጣ ኤሊ አንገቱን አስግጎ ሲያየው ተመልሶ ጨመረበት። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞላ። ስለ ዝናብ ከዚያ በኋላ ያነሳ የለም፤ ቀን ተቆረጠ።

ሰርጉ ደመቀ። የዘፈን ክር ስላልነበረ ራሳቸው መዝፈን ነበረባቸው። መጀመሪያ ላይ ድምፃቸው ዝጎ ጎሽ በአንድ በኩል፣ አማቾቹ በሌላ በኩል ሆነው ነበር፤ እየቆየ ግን ገጠመላቸው። ጭላዳውም በእግሩ መጥቶ ጠግቦ በላና ቀልዱን እዚያው ፊት ለፊት አወረደው። ትርንጎ እስኪደክማት ጨፈረች። እትዬ የሺ ደስ አላት። ጋሽ ከርከሮም ደስ ብሎት፣ አንዳንዴም ዓይኑን እየጠረገ፣ እንግዳ ሲያስተናግድ አመሸ።

ሽኮኮ ሁለት ጊዜ ካስደገመ በኋላ አፉን እየጠረገ ተጠጋው። ጦጣዋ ገደል አፋፍ ላይ እንደቆመች ነው ክሩ የተበጠሰው፣ መውደቅ አለመውደቋን ሳላውቅ እንቅልፍ አጣሁ ብሎ አዋየው።

«ጋሼ፣ አሁን ሰርጉም አለፈ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ክሩን መቼ ነው የሚያስቀጥሉት?»

«ልጅህን ስትድር አንተ አስገባው» አለ ጋሽ ከርከሮ፣ ሳህኑን እየሞላለት። «እኔ እየመጣሁ አደምጣለሁ።»