አጥቦ የሚያደርቅ ማሽን የማልገዛበት ምክንያት

የነበርነው አምስት ሰዎች ነን።

እትዬ ዘነበች፣ የማሽኑ ባለቤት። ልጃቸው ሰናይት፣ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ጋሼ ሙዘይን፣ የግቢው በር ላይ ሱቅ ያላቸው፣ የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ። እትዬ ብርቄ፣ የዳዊት እናት። አምስተኛው እኔ ታዬ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አብነት ሰፈር ሬዲዮ እጠግናለሁ፤ ግቢው "ኢንጅነር" እያለ ይጠራኝ ነበር።

ሲያሾፉብኝ ነው። እኔ ግን የእውነት መስሎኝ ነበር።

አሁን ዛሬ ጠዋት የሠራሁትን ልንገራችሁና ሳቁብኝ። ልጄ የልብስ ማጠቢያ ልትገዛልኝ ሱቅ ወሰደችኝ። ሻጯ አንዱን አሳየችንና "አባባ፣ ይሄ ቱ ኢን ዋን ነው። ራሱ ያጥባል፣ ራሱ ያደርቃል" ብላ ክቡን በር ከፈተችው።

ውስጡን አየሁት።

ከዚያ ወጥቼ ሄድኩ። ደህና ዋሉ እንኳ አላልኩም። ልጄ ሮጣ የደረሰችብኝ ታክሲ ተራው ጋ ነው። "አባዬ፣ ማሽን ፈርተህ ሮጥክ እኮ! ሱቁ በሙሉ ሳቀብን" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ፈርቼ ነው።

ለምን እንደሆነ ለእሷም ነግሬያት አላውቅም። ለእናንተ ልናዘዝ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ሰፈሩ ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ትንሽ ወረድ ብሎ። እትዬ ዘነበች ፈረንጅ ቤት ብዙ ዓመት ምግብ አብስለዋል። ፈረንጆቹ ጠቅልለው ሲሄዱ ማሽኑን ትተውላቸው ሄዱ። አራት ሰው ተሸክሞ አገባው። ሳሙና በቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ በሚገዛበት ጊዜ፣ እኛ ግቢ ውስጥ በራሱ የሚያጥብና የሚያደርቅ ማሽን ቆመ።

መመሪያው በጣልያንኛ ነበር። ጣልያንኛ አላውቅም። መዝገበ ቃላት ተውሼ፣ ሥዕሎቹን እያገላበጥኩ፣ በሦስት ሳምንት ከዳር እስከ ዳር ጨረስኩት። ማንም አላስተማረኝም። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ ነው፤ ያኔ ሌላ ጉራ የምነዛበት ነገር አልነበረኝም።

መመሪያው እንዲህ ይላል። አምስት ኪሎ ያጥባል፣ ሁለት ኪሎ ተኩል ያደርቃል።

ልብ አላችሁ? ካጠበው ግማሹን ብቻ ነው የሚያደርቀው። ሁሉንም ካልክ ልብሱ ሦስት ሰዓት ይንገላታና እንደታመመ ሰው ሞቆ፣ ረጥቦ፣ ተጨማዶ ይወጣል።

ደግሞ ለማድረቅም ውኃ ይፈልጋል። ከልብሱ የወጣውን እንፋሎት የሚያቀዘቅዘው በውኃ ነው። ይህን ለጋሼ ሙዘይን ሳስረዳቸው "በውኃ ካደረቀ በእሳት ያረጥባላ" ብለው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

ሲሞቅ ደግሞ በሩ ይቆለፋል። እስኪቀዘቅዝ ድረስ የቀበሌው ሊቀመንበር ራሳቸው ቢመጡ አይከፈትም። (ይህን ምሳሌ ያኔ ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም።)

መመሪያው ያልጻፈው አንድ ጉድለት ቀርቷል። እሱን ያወቅሁት በዚያች ቅዳሜ ነው።

በማግስቱ እሑድ የግንቦት ልደታ ነበረች። ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። ከሰዓት በኋላ እትዬ ብርቄ ሳፋ ይዘው እትዬ ዘነበች ቤት መጡ።

"ኢንጅነር፣ ነጠላዬንና ቀሚሴን አድርስልኝ። ፀሐይ የለም። ነገ ስለት አለብኝ።"

ስለቱ ምን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ዳዊት ነው። አንድ ልጃቸው። ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ በየወሩ ይጽፍ ነበር። ከዚያ ደብዳቤው ቆመ። ስምንት ወር ሆነው።

ልብሱን ከሳፋው ሳወጣ ከሥሩ ሌላ ነገር አገኘሁ። የዳዊት ጋቢና ነጭ ሸሚዙ።

"ይሄስ?"

"እሱ ሲመጣ ታጥቦ ይጠብቀው።"

እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ቆመው ነበር። "ብርቄ፣ ጋቢውን እንኳ ተይው" አሉ።

"ለምን?"

"ይከብዳል። ማሽኑ አይችለውም።" ይህን ሲሉ ያዩት ማሽኑን አይደለም። ከሱቃቸው ጎራ ያሉትን ጋሼ ሙዘይንን ነው።

እኔ ምን አሰብኩ? የኪሎ ሒሳብ አሰብኩ። እዩልኝ እንግዲህ ብልጠቴን።

"እውነታቸውን ነው እትዬ፣ ለማድረቅ ይበዛል። ሁለት ቦታ እንክፈለው" አልኩ።

"አይሆንም። የእኔና የእሱ አይለያይ" አሉ እትዬ ብርቄ። ነገሩ በዚህ አበቃ።

አስገባሁት። ዱቄት ሳሙና ጨመርኩ። ቁልፉን ሳዞረው እንደ ልማዱ የቤቱ አምፖል ቀላ፤ የጋሼ ሙዘይን ሱቅ ሬዲዮ ድምፁ ወረደ።

ሁላችንም ከመስታወቱ ፊት ተቀመጥን። አትሳቁ፤ ያኔ ትርኢት ነበር።

"ከቴሌቪዥን ይሻላል፤ ንግግር የለውም" አለች ሰናይት።

"አንቺ ልጅ፣ ግድግዳ ጆሮ አለው" አሏት ጋሼ ሙዘይን። እሳቸውም ግን በርጩማ ስበው ተቀመጡ። እንግዲህ ለምን እንደተቀመጡ በኋላ ነው የገባኝ። ሰው ከሚያዝንለት ሰው አጠገብ ተነሥቶ መሄድ አይችልም።

አጠበ። አለቀለቀ። እኔ እቆጥር ነበር፤ ሦስት ጊዜ አለቀለቀ፤ የመጨረሻው ውኃ እንደ ምንጭ የጠራ ነበር። በመስታወቱ በኩል ልብሱ ነጭ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። ነጭ ነበር፤ አምስታችንም አይተነዋል።

ከዚያ ወደ ማድረቂያው አዞርኩት።

ሩብ ሰዓት ያህል እንደሄደ ውኃ ጠፋ። የሰፈሩ ውኃ ነው የጠፋው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠፋል። ማሽኑ አንዴ ተንፍሶ ቆመ። በሩ ተቆልፏል።

ዝም አለ።

ከዚያ ከውስጥ፦ ቶክ።

ከበሮው አይዞርም። ሞተሩ ጠፍቷል። ቶክ አለ እንደገና።

"ምንድን ነው?" አለች ሰናይት።

"ብረቱ ሲቀዘቅዝ ነው" አልኩ። ይህ መመሪያው ላይ የለም። ከራሴ ነው ያመጣሁት።

በዚህ መሀል የሸሚዙ እጅጌ ከላይ ተንሸራተተና መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። ሰው መስኮት ላይ እጁን እንደሚያሳርፍ። እትዬ ብርቄ ጎንበስ ብለው አዩት።

"እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፎ ነው የሚለብሰው። እንደታጠፈ ነው ያስቀመጥኩት" አሉ። "ማን ፈታው?"

መልሱ ቀላል ነው። ሲዞር ተፈታ። ግን እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

እኔ ውኃ የሞላ ጀሪካን አንሥቼ ወጣሁ። በዝናብ፣ በባዶ እግሬ፣ ቆርቆሮው ላይ ወጥቼ ጀሪካኑን አቆምኩ፤ ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘውን ጎማ በአፌ ስቤ ውኃውን ወደ ታች ለቀቅኩት። አንድ ጉንጭ ዝገት ጠጣሁ። ከታች ሰናይት "መጣ፣ መጣ" ስትል ሰማኋት፤ ማሽኑም ማጉረምረም ጀመረ።

ስወርድ ኩራቴ ሊነገር አይችልም። ኢንጅነር!

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል ዞረ። ውኃ የጠጣው ጋቢ ከላይ ወደ ታች በወደቀ ቁጥር ዱብ ይላል። ዱብ። ትንሽ ቆይቶ ዱብ። ቦት ጫማ ያደረገ ሰው ከጓዳ ወደ በሩ እንደሚመጣ፣ ግን የማይደርስ። መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፈነ። ውስጡ የጨለመ መሰለኝ። ደመናው ነው ብዬ አለፍኩት።

በመጨረሻ ቆመ። ቀዘቀዘ። ቁልፉ ቀጭ አለ።

"እንግዲህ ተመልከቱ" አልኩ። በእነዚሁ ቃላት ነው ያልኩት፤ አልረሳውም። እጄን ሰድጄ ጋቢውን ጎተትኩት።

ጥቁር ነበር።

እንደ ከሰል አይደለም። በትክክል ለመናገር፣ የጨርቁ መደብ አመድማ ሆኖ በጥቁር የተዥጎረጎረ ነው፤ ጠርዙ ግን ድፍን ጥቁር። ነጠላውም። ቀሚሱም። ሸሚዙም። ነጭ ገብቶ፣ ነጭ ሆኖ ታጥቦ፣ ጥቁር ሆኖ ደረቀ።

እትዬ ዘነበች መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

እኔን ያሳሰበኝ ምን መሰላችሁ?

ስሜ። "ኢንጅነሩ ልብስ አበላሸ" መባሌ።

ስለዚህ አፌን ከፈትኩ።

ምክንያቱ በአንድ ጊዜ ገብቶኝ ነበር። ማሽኑ ማጠቢያውን በየጊዜው በውኃ ያለቀልቃል፤ እንፋሎቱ የሚያልፍበትን የማድረቂያ ቱቦ ግን ማንም አያጥበውም። መመሪያው ያልጻፈው ጉድለት ይህ ነው። ያለፈው ልብስ ብናኝና እርጥበት እዚያ ተጣብቆ ይቆይና በሚቀጥለው ልብስ ላይ ይነፋል። (በኋላ ፈትቼው አየሁ፤ ጣት የሚያህል ጥቁር ብናኝ ነበረበት።)

ያለፈው ልብስ ደግሞ ጥቁር ነበር። ሐሙስ ዕለት እትዬ ብርቄ ጸበል ሄደው በነበሩበት ሰዓት እትዬ ዘነበች ሦስት ቀሚስና ጥቁር ቀለም ሰጥተውኝ "አገር ቤት ሐዘን አለብን፣ ንከርልኝ" ብለውኛል። ነከርኩ፤ አደረቅኩ። የማን ሐዘን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

"የማሽኑ ጥፋት አይደለም እትዬ" አልኳቸው እትዬ ብርቄን። "ሐሙስ ሦስት ቀሚስ ጥቁር ነክሬበታለሁ፤ የእሱ ቀለም ነው።"

"የማን ቀሚስ?"

ድምፃቸው በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ሰናይት ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እኔ ግን ትክክለኛ መልስ ሳልሰጥ ማለፍ አልችልም፤ እስከ ዛሬም አልችልም።

"ሁለቱ የእትዬ ዘነበችና የሰናይት ልክ ናቸው" አልኩ። "አንዱ ግን አጭር ነው። ከነሱ ቀሚስ አንድ ስንዝር ያጥራል፤ ወገቡም ጠበብ ያለ።"

እንዲህ ብዬ ስጨርስ ነው አጠገቤ የቆሙትን ሴት ያየኋቸው። አናታቸው ከደረቴ አይደርስም። በግቢው ውስጥ እንደሳቸው አጭር ሴት አልነበረችም።

አዘጋጅተውላቸው ነበር። መርዶው ረቡዕ ዕለት ለጋሼ ሙዘይን ደርሷል። ልደታን ዓመት በዓሏን ትዋል፣ ስለቷንም ታግባ፣ ሰኞ በማለዳ እንነግራታለን ብለው ተማክረዋል። ሽማግሌ ተመርጧል። ደግፎ የሚይዛቸው ሰው ተመርጧል። የሚለብሱት ቀሚስ ሳይቀር ተነክሯል።

ነካሪው እኔ ነኝ። ያላወቅሁትም እኔ ብቻ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ቀስ ተብሎ። እኔ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በእርጥብ ሱሪ፣ ስለ ቱቦ እያስረዳሁ ነገርኳቸው።

እትዬ ብርቄ አልጮኹም። "ዘነበች፣ ዳዊት ነው?" ብለው ብቻ ጠየቁ።

እትዬ ዘነበች አንገታቸውን ደፉ። ጋሼ ሙዘይን የቤቱ በር ጋ ቆመው ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ነበር።

ከዚያ እትዬ ብርቄ ጋቢውን ከእጄ ወሰዱት። ዘረጉት፤ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት፤ ጥቁሩን ጠርዝ ወደ አንገታቸው ሳቡት። ጉንጫቸውን አስነኩት።

"ይሞቃል" አሉ። "አሁን ከጀርባው ያወለቀው ይመስላል።"

በዝናቡ ውስጥ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ማንም እስኪከተላቸው ድረስ ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ድንኳኑ በልደታ ዋዜማ ተተከለ።

እንግዲህ ትምህርቱ ይህ ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራ ማሽን አንዱን በደንብ አይሠራም። መመሪያ በሙሉ ያነበበ ሰውም ሁሉን አያውቅም። ዛሬ ጠዋት ከሱቁ የሮጥኩት ሽማግሌ ይህን ካወቀ ዐርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ልብሱን አሁንም በእጁ ያጥባል።

እትዬ ብርቄም፣ እትዬ ዘነበችም፣ ጋሼ ሙዘይንም አርፈዋል። የቀረነው ሁለት ነን።

ሰናይት፣ ውጭ አገር ነሽ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ምናልባት ይህ ጽሑፍ ሼር ሲደረግ ይደርስሽ ይሆናል። የጎደለ ካለ ጨምሪበት፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሚኝ። አንድ ነገር ግን በተለይ ንገሪኝ። እኔ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነበር፤ አንቺ ፊት ለፊት ነበርሽ። ጋሼ ሙዘይን ኮፍያቸውን ያወለቁት ስለ አጭሩ ቀሚስ ከመናገሬ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በፊት ከሆነ፣ እትዬ ብርቄ እሳቸውን አይተው አውቀዋል ማለት ነው፤ የነገርኳቸው እኔ አይደለሁም ማለት ነው።

ለእኔ በኋላ ይመስለኛል። ግን እርግጠኛ አይደለሁም።