የሁዳዴ ቆሎና የአስካለ መቀነስ

ሰው ኃጢአቱን የሚደብቀው ከዓይን ነው። በር ይዘጋል፣ ጀርባውን ያዞራል፣ ነጠላውን ይከናነባል፤ ከዚያ በኋላ እግዚአብሔርም በመስኮት ብቻ የሚያይ ይመስለዋል። ጆሮን የሚፈራ ኃጢአተኛ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። እኔም አልፈራም ነበር። እናንተም አትፈሩም፤ አሁን ነው የምትስቁብኝ።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ከሞላሌ ወጣ ብላ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ወጣት ነኝ፣ ከረባት አለኝ፣ ብርድ አልችልም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ረኀብ አልችልም። የነፍስ አባቴ ቄስ ገብረ ሚካኤል ከመጨረሻው በቀር ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር።

ቄስ ገብረ ሚካኤል አስካለ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለቻቸው። ገና ዳዴ ስትል ፈንጣጣ ዓይኗን አጥፍቶባታል። "ወንድ ብትሆን ቅኔ ቤት አስገባት ነበር፤ በቃሏ ተምራ ሰው ትሆናለች። ለሴት ልጅ ያላችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ" ብለው ይዘዋት መጡ። ዲሬክተራችን ሰሌዳውን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ "እስከ ደብረ ዘይት ቁጥር ካስተማርካት ለመስከረም እመዘግባታለሁ። ካልሆነ ቦታው ለሌላ ነው" አለኝ። ሁዳዴ ከገባ ሳምንቱ ነበር።

ሰሌዳ ለማታይ ልጅ ጠመኔ ምን ይፈይድላታል? የገብስ ቆሎ በኪሴ ይዤ መጣሁ። በሁዳዴ፣ በጠዋት፣ ቆሎ ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል አትበሉኝ። አሥር ፍሬ ሳህን ላይ እበትናለሁ፣ እሷ በጣቷ እየለቀመች ትቆጥራለች። ጨዋታው ጣማት። እኔም ጣመኝ፤ ሌሎቹ ልጆች ሜዳ ላይ ሲሯሯጡ ክፍሉ ውስጥ የሚያየኝ የለማ! የጾሙ መፍቻ ዘጠኝ ሰዓት ገና ሩቅ ነው፤ እኔ ሁለት ፍሬ አነሣና አፌ ውስጥ ጣል አደርጋለሁ።

"የኔታ፣ ሁለት ጎደለ" አለችኝ በመጀመሪያው ቀን።

ክው አልኩ። ግን መምህር አይደለሁ? "ጎበዝ! ይህ መቀነስ ይባላል" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ይኸው ሆነ። እኔ እበላለሁ፣ እሷ ትቀንሳለች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሳህኑን መዳሰስ ተወች። ስቆረጥም አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጥና "ሦስት ሄደ፣ ሰባት ቀረ" ትለኛለች። ወዴት እንደ ሄደ አንድ ቀን አልጠየቀችኝም።

የፈተናው ዕለት ዲሬክተሩ ጮክ ብሎ እየቆጠረ አሥራ ሁለት ፍሬ ሳህኑ ላይ ጣለና ውሰድላት ብሎ ሰጠኝ። ቄሱ በሩ አጠገብ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከጠረጴዛው እስከ አስካለ ወንበር ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ስሄድ እጄ ሦስት ፍሬ ወደ ጉንጬ ላከ።

አስካለ ዳሰሰች። "ዘጠኝ" አለች።

"አሥራ ሁለት ነው፣ ልጄ" አለ ዲሬክተሩ። ብዕሩን አነሣ። "አየህ? አልሆነም።"

አስካለ ወደ እኔ ዞረች፤ ከዚያ ወደ አባቷ። አፏን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። "ተሳስቼ ይሆናል" አለች ቀስ ብላ። አልተሳሳተችም። የነፍስ አባቴ ፊት ልታዋርደኝ አልፈለገችም እንጂ።

ወዲያው ተናዘዝኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። መጀመሪያ ግን ጉንጬ ውስጥ ያለውን ዋጥኩ። ብዕሩ ወረቀቱን ሲነካ ግን አላስቻለኝም፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። "ሦስቱ እኔ ጋ ናቸው" አልኩ።

"የት?" አሉ ቄሱ።

ሆዴን አሳየኋቸው።

ዲሬክተሩ ሳቁን በወረቀቱ ሸፍኖ የአስካለን ስም ጻፈ። ቄሱ አልሳቁም። "አርባ አንድ ስግደት። አሁኑኑ፣ እዚሁ። አስካለ፣ አንቺ ቁጠሪለት" ብለው ስለ ምዝገባው ከዲሬክተሩ ጋር መነጋገር ጀመሩ። ከረባቴን ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ ወደቅሁ፣ ተነሣሁ። ጉልበቴ አልታዘዝ ሲለኝ ቆምኩና "አርባ አንድ!" አልኩ።

አስካለ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ነበር።

"የኔታ፣ ሦስት ጎደለ" አለች።

ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ሦስቱን ሰገድኩ።