አፑ ያልተወሰነለት ጎረቤቴ

ገና ያልሠራውን አፕ እንዴት እንደሚሸጥ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የእኔው ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ፊት ለፊቴ ይኖራል፤ ሰለሞን ይባላል። ፕሮግራመር ስለሆንኩ ደረጃ ላይ ያስቆመኛል።

«አፑን ላስከፍልበት ወይስ በነፃ ለቅቄ ማስታወቂያ ልጨምርበት?»

«ለመሆኑ አፑ ምን ይሠራል?»

«እሱማ ገና አልተወሰነም!»

ሁለት ዓመት እንዲህ ከረምን። አንድ ቀን ታዲያ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የሀበሻ ቀሚስ የሚሸጡት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ሱቃቸውን ልቀቁ ተባሉና ግቢ ውስጥ አገኙን።

«ሰለሞን ልጄ፣ ደንበኞቼ ሊጠፉብኝ ነው። በኢንተርኔት መሸጥ ይቻላል ይላሉ፤ እንዴት ነው?»

ሰለሞን ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ ዓለም አቀፍ ክፍያ፣ ስለ ሐሳብ ስርቆት፣ ዱባይ ስለሚከፈተው ቅርንጫፍ ሰፊ ማብራሪያ ሰጠ። እትዬ ዘነበች በትዕግሥት ሰምተው፣ «ተባረክ! ታዲያ ቀሚሶቹን መቼ ፎቶ ታነሳልኛለህ?» አሉት።

ጥያቄ አዋቂው ሰው በማግሥቱ ቀሚሶቹን አንድ በአንድ በስልኩ አንስቶ፣ ከእትዬ ዘነበች ስልክ ቁጥር ጋር ኢንተርኔት ላይ ለቀቃቸው። በሳምንቱ የድሮዎቹም አዲሶቹም ደንበኞች ደረጃችንን ሞሉት።

ትናንት ሰለሞን ሲወርድ አየሁትና እንደ ልማዴ ለጥያቄ ተዘጋጀሁ። በፌስታል የተጠቀለለ ቀሚስ ታቅፏል።

«አሳልፈኝ ባክህ፤ ሙሽሪት ቀሚሷን እየጠበቀች ነው» ብሎኝ አለፈ።