ወንዙ ስብሰባ ላይ ነው

ትናንት ያየሁትን ሕልም ለጠላቴም አልመኝም። ለአንዲት የእግረኛ ድልድይ ሥራ የተመደብን አምስት ሰዎች ነን። ዝናቡ ከቀደመን ማዶ ያሉት ልጆች የዓመቱ ፈተና ያመልጣቸዋል። እኛ ግን ድልድዩን ትተን፣ እንዴት እንደምንወስን መወሰን አቅቶናል። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሸዋንግዛውና ያ ደረቅ ዘርጋው «ሁላችንም ካልተስማማን ምንም አይወሰን» ይላሉ። ሌሎቹ ሁለቱ «በድምፅ ብልጫ ይሁን» ይላሉ። የቀረው የእኔ ድምፅ ነው። እኔ ለብልጫው ነኝ፤ ነገሩ አንገፍግፎኛል።

በሕልሜ ድልድዩ ተሠርቶ አልቋል። ከሥሩ ግን ወንዝ የለም።

«ወንዙስ?» አልኩት ድልድዩን።

«ስብሰባ ላይ ነው» አለኝ እያዛጋ። «በየት በኩል እንደሚፈስ ገና አልወሰነም።»

ወደ ስብሰባው ሄድኩ። ወንዙ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወለሉን አበስብሶታል። ሰብሳቢዋ ፍየል ናት፤ አቶ ሸዋንግዛው ሻይ ያድላሉ። ፍየሏ «ድምፅ ይሰጥ» ስትል ማንም እጁን አላወጣም፤ እጆች ሰዎቻቸውን ወደ ላይ አነሱ። እኔን ቀኝ እጄ ደግፎ ሲያነሳኝ ግራው ተቃውሞ ወደ ታች ጎተተኝ። መሃል ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ።

«ድምፀ ተአቅቦ!» አለች ፍየሏ።

«ኧረ እኔ አልታቀብኩም!»

«የተንጠለጠለ ሰው አይናገርም።»

ከዚያ ወዲያ ድምፄ ጠፋ። በመስኮት ሳይ ትምህርት ቤቱ ራሱ በእግሩ እየመጣ ነው። ልጆቹ መምጣት ቢያቅታቸው እሱ ሊሄድላቸው ተነስቶ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያው እንዳይወድቅበት በሁለት እጁ ይዞታል። ወንዙ ይህን ሲያይ ስብሰባውን ረግጦ ወጣና ደራሽ ጎርፍ ሆኖ መጣ። ትምህርት ቤቱ ዳር ላይ ቆሞ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ልሻገር?»

አንጀቴን በላው። ተሻገር፣ ፍጠን ልለው ብል ቃል አልወጣኝም። ስለዚህ በአንገቴ ደጋግሜ እሺ አልኩት። እሺ፣ እሺ፣ እሺ!

ጭብጨባ ቀሰቀሰኝ። ቢሮ ውስጥ፣ ስብሰባችን መሃል፣ አገጬ ደረቴ ላይ ወድቋል።

«ተባረክ!» አሉኝ አቶ ሸዋንግዛው። «በአንገትህ እሺ ባትለን ኖሮ ዛሬም አያልቅም ነበር።»

«ምኑን ነው እሺ ያልኩት?»

«ሁላችንም ካልተስማማን ምንም እንዳይወሰን ነዋ! በቃ፣ ጸድቋል።»

«ኧረ ጋሼ፣ እንቅልፍ ጥሎኝ ነው! ድምፄን ልቀይር።»

«ትችላለህ» አሉ። «ሁላችንም ከተስማማን።»

ሁሉም ወደ ዘርጋው ዞሩ።

«እኔ አልስማማም» አለ ዘርጋው።

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ጀመረ።