ክቡርነታቸውና ቡኒው ፎጣ

የክቡር ሁካ እጆች ሥራ ላይ ናቸው። ግራው የሱቄን መደርደሪያ ተደግፏል። ቀኙ ቡኒው ፎጣ ውስጥ ገብቶ ከቦሪ መንደር የመጡ የአንድ ሽማግሌን ጣቶች ይጫናል። ሽማግሌው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ ክቡርነታቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድም ቃል አይወጣም። ባለቤታቸው ዙሌይካ ጨው እንዲገዙ ከላከቻቸው ቆይቷል።

ተመራጭ ሁሉ የድሮ ሥራውን እጁ ላይ ይዞ ነው ምክር ቤት የሚገባው። አስተማሪ የነበረው ሲናገር ጣቱ ጠመኔ ይፈልጋል። ሹፌር የነበረው ስብሰባ ሲረዝምበት ማርሽ ይቀይራል። የእኛው ሰው የግመል ደላላ ነበሩ። በእኛ ገበያ የግመል ዋጋ በአፍ አይጠራም፤ ፎጣ ሥር ጣት ለጣት እየተጫኑ ይነጋገራሉ፣ ከበው የቆሙት ምንም አይሰሙም። ሁካ በዚህ ሙያ ጺማቸው እስኪሸብት ሠሩ። የአካባቢያችን የጎልቦ ከብት አርቢዎች "ይሄ ሰው አታልሎን አያውቅም" ብለው ወደ ማርሳቢት ከተማ፣ ኬንያ ካውንቲ ወደምትለው የአውራጃ ምክር ቤት ላኳቸው። ዛሬ ሰው ሁሉ "ሙሄሺሚዋ" ይላቸዋል፤ በስዋሂሊ ክቡር ማለት ነው። ክብሩ ግን ፎጣውን አላስጣላቸውም።

በምርጫው ጊዜ ማይክ ሲሰጧቸው "እንደምን ዋላችሁ" ብለው ወረዱና ሕዝቡን አንድ በአንድ ፎጣ ውስጥ አስገቡት። ክሊኒክ ሄደው ሐኪሙ "ሕመሙ ስንት ቀን ሆነው?" ቢላቸው "እጅህን ወዲህ በል!" አሉት። ጎረቤቴ ጽጌ፣ ቲማቲም ሻጯ፣ ፊት ለፊታቸው ነው የምትነግራቸው።

"ሙሄሺሚዋ፣ እርስዎ እኮ መልአኩ ሊወስድዎ ሲመጣም ፎጣ ውስጥ ያስገቡታል!"

"ታዲያ በነጻ ልሂድለት?" ይላሉ።

እኔም አብሬ እስቅ ነበር። አምና ግን መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና የሱቆቻችን በር ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ፤ ይፈርሳሉ ማለት ነው። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ያለችኝ ያቺ የቆርቆሮ ሱቅ ብቻ ናት። ስብሰባ ተጠራ፤ የመንገዱ ሥራ ኃላፊም መጣ። ሁሉም ይጮኻል፣ ጽጌ ከሁሉም በላይ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ከሱቆቹ ጀርባ ባዶ መሬት አለ፣ ለምን ወደዚያ አንጠጋም? ግን ሰው ፊት ድምፄ ይጠፋል፤ ከልጅነቴ እንዲህ ነኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ።

ክቡርነታቸው ከወንበራቸው ተነሥተው አጠገቤ መጥተው ቁጢጥ አሉ።

"እማማ፣ እጅዎን ወዲህ ይበሉ።"

አፈርኩ። እሳቸው ግን ፎጣውን አጥፈው በእጄና በእጃቸው መካከል አደረጉት። እኔ የግመል ገበያ ጣት ከየት አውቄ! ዝም ብዬ እጃቸውን ወደ ኋላ ገፋሁት።

"ወደ ኋላ?" አሉ በሹክሹክታ።

ደግሜ ገፋሁት።

"ባዶው መሬት ላይ?"

አጥብቄ ያዝኳቸው። ተነሥተው ሄዱና የመንገዱን ኃላፊ እጅ ፎጣ ውስጥ ከተቱት። ከሩቅ አገር የመጣ ወጣት ነው፤ ጆሮው ቀላ። ፎጣው ለረጅም ጊዜ ተንቀሳቀሰ። በመጨረሻ ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሱቆቹ ወደ ኋላ ይጠጋሉ። አይፈርሱም።"

ጽጌ እልል አለች። ሰው ሁሉ ሁካን አመሰገነ። እሳቸው ወደ እኔ አይተው ፎጣቸውን አራገፉ። ያን ያህል ሰው ሲናገር የኔን ዝምታ የሰማ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ዛሬም የቦሪው ሽማግሌ "ኤዬ!" ብለው እጃቸውን ከፎጣው አወጡ። ተስማምተዋል ማለት ነው፤ ለመንደራቸው የለመኑት የውሃ ቦቴ ሊሄድላቸው ነው። ወዲያው ወደ ማርሳቢት የሚወስዳቸው ፒካፕ ክላክስ ነፋ፣ ክቡርነታቸው ፎጣቸውን እየጎተቱ ሮጡ።

ትንሽ ቆይታ ዙሌይካ ደወለች።

"እማማ፣ ያ ሰውዬ ጨው ገዛ?"

ጨዉ ወደ ኋላ በተጠጋችው ሱቄ መደርደሪያ ላይ፣ እንደጠቀለልኩት ተቀምጧል።