የአራተኛ ፎቅ ውሃና የአንዲት እንቁራሪት መብት

ለተፈጥሮ የሚቆረቆሩ መሥሪያ ቤቶች በዓለም ላይ ብዙ አሉ። አንድን የሚያፈስ ቧንቧ ከጥገና በመታደግ ረገድ ግን የእኛን የሚያህል ያለ አይመስለኝም። ይህን የምለው እንጀራዬ ስለሆነ አይደለም። ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ የተባለውን ሁሉ በገዛ እጄ ስለጻፍኩት ነው። በድምሩ አሥራ ሰባት ስብሰባ ተካሂዷል። በአንዱም ላይ አላንቀላፋሁም፤ ከአራቱ በስተቀር።

ነገሩ የተጀመረው ከሕንፃችን ጓሮ ነው። ውሃ ወደ ላይ የሚያወጣው ዋናው ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ ያለች ጎማ አረጀችና ማፍሰስ ጀመረ። ውሃው ግድግዳው ሥር ተኛ። በሦስተኛው ሳምንት ሣር በቀለ። በአምስተኛው ሳምንት አንዲት እንቁራሪት መጣች። ከየት እንደመጣች የሚያውቅ የለም፤ በጥበቃ መዝገብ ላይም ስሟ አልሰፈረም። በዚያው ልክ ውሃው አቅም አጣና አራተኛ ፎቅ መድረሱን ተወ።

አራተኛ ፎቅ የክቡር ዳይሬክተራችን ቢሮ፣ የስብሰባ አዳራሹና ሁለት መፀዳጃ ቤቶች ያሉበት ነው። መፀዳጃ ቤት ደግሞ ያለ ውሃ አይሆንም። ስለዚህ ሁላችንም እማማ የምንላቸው የጽዳት ሠራተኛችን ጓሮው በር አጠገብ ካለችው ቧንቧ እየቀዱ በጀሪካን ያወጡ ጀመር። በቀን ስምንት ጊዜ። እማማ ወደ ስልሳው እየተጠጉ ነው። ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃው አፍ ላይ ስለሆነ፣ ግራ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።

ቧንቧ ሠራተኛው አዲሷን ጎማ በሸሚዝ ኪሱ ይዞ መጣ። "እማማ፣ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ከዚህ በኋላ ጀሪካኑን ይጣሉት" አላቸው። እማማም መረቁት። ምርቃቱ ግን ሳያልቅ ተቋረጠ።

ክቡር ዳይሬክተራችን በዚያ ሰሞን "የአካባቢ ዘላቂነትና ማኅበራዊ ለውጥ፦ የውይይት ባህልን ስለማጎልበት" ከተባለ የአምስት ቀን ሥልጠና መመለሳቸው ነበር። በአምስት ቀን ውስጥ ሰው ምን ያህል ሊለወጥ እንደሚችል ያላያቸው አያውቅም። ከመስኮታቸው ቁልቁል ሲመለከቱ ሣሩን አዩ፤ እንቁራሪቷን አዩ። ቧንቧ ሠራተኛውን ያዩት ግን መፍቻውን ካነሳ በኋላ ነው።

"አቁም!" ብለው ጮኹ። አራቱን ፎቅ በሩጫ ወረዱ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ቧንቧውን ልጠግን ነዋ፣ ጌታዬ።"

"ከማን ጋር ተወያይተህ?"

ቧንቧ ሠራተኛው ግራ ቀኙን አየ። ከጎማዋ ጋር ለማለት ዳድቶት ነበር መሰለኝ፤ ግን ልጆች አሉት።

"ይሄ የሚያፈስ ቧንቧ አይደለም" አሉ ክቡርነታቸው፣ እጃቸውን በኩሬዋ ላይ ዘርግተው። "ይሄ ረግረግ ነው። ሕይወት ያለበት ሥርዓተ ምህዳር ነው። አንተ ጥገና የምትለው በሠለጠነ ቋንቋ መፈናቀል ይባላል።"

በማግስቱ ኩሬዋ በገመድ ታጠረች። "ዘላቂው የከተማ ረግረግ፤ መጠገን ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳም ተተከለ። የባለድርሻ አካላት የውይይት መድረክ በይፋ ተከፈተ።

ውይይት ማለት እንደ እኛ ነው። በመጀመሪያው ቀን የውይይቱን ዓላማ ተወያየን። በሁለተኛው ቀን፣ በመጀመሪያው ቀን ስለምን እንደተወያየን ተወያየን። በሦስተኛው ቀን የአካባቢ ጉዳዮች ባለሙያዋ መሠረታዊ ክፍተት እንዳለ አስታወቁ፤ እንቁራሪቷ አልተወከለችም።

"ንብረት ክፍል ይወክላት" አሉ ክቡርነታቸው።

የንብረት ክፍል ኃላፊው ተቁነጠነጡ። "ክቡር ሰብሳቢ፣ ገቢ ያልተደረገ ንብረት መወከል አልችልም።"

"ንብረት አይደለችም። ባለድርሻ ናት።"

"እንግዲህ እርስዎ ካሉ ይሁን። ውሎ አበል አለው?"

"አለው።"

"እንቁራሪቷ የምትናገረው አላት" አሉ ኃላፊው ወዲያው። "ቧንቧው እንዳይነካ በጥብቅ ታሳስባለች።"

ይመዝገብ ተባለ። መዘገብኩ።

የአካባቢ ዘላቂነቱ እንዲህ መልክ ከያዘ በኋላ ወደ ማኅበራዊ ለውጡ ተሻገርን። እዚህ ላይ አንዲት ዝቅተኛ ተከፋይ ሴት ድምፅ ማሰማት አለባት የሚል መመሪያ ነበር። እማማ ሰባተኛውን ጀሪካን ይዘው በር ላይ ሲደርሱ ተይዘው ገቡ። ማይክ ተሰጣቸው። የት እንደሚያስቀምጡት ስለቸገራቸው ጀሪካኑ ክዳን ላይ አስቀመጡት።

"እናታችን" አሉ ክቡርነታቸው፣ "ከረግረጉ ጋር ያለዎትን ግንኙነት በአጭሩ ቢያካፍሉን።"

"ምን ግንኙነት አለኝ ልጄ? እሱ የሚጠጣውን እኔ እሸከማለሁ እንጂ።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ባለሙያዋ ማስታወሻቸው ላይ አስምረውበት "ምን ያለ ጥልቅ አገላለጽ ነው!" አሉ።

"እኔ እንድታጨበጭቡልኝ አይደለም" አሉ እማማ። "ጎማዋን አስቀይሩልኝ። ሐኪሙ ደረጃ የሚባል ነገር አትውጪ፣ ከወጣሽ ይሄ ጉልበት ከአልጋ አያነሳሽም ብሎኛል። አልጋ ላይ ከቀረሁ ደግሞ የልጅ ልጄን የሚያሳድግልኝ የለኝም። እኔና እሷ ብቻ ነን። እባካችሁ ልጆቼ።"

ለአፍታ ያህል ጎማዋ የምትቀየር መሰለኝ፤ ልቤም በደስታ ዘለለ። ከዚያ ባለሙያዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የእናታችንን ሐሳብ በጥናት ላይ ተመሥርቼ ልደግፍ" አሉ። "ውሃን በሞተር መግፋት ኤሌክትሪክ ይፈጃል፣ አየር ይበክላል። እማማ ግን ጭስ የላቸውም። ምሳቸውንም ከቤታቸው ይዘው ነው የሚመጡት። በአገልግሎቱ ዘርፍ ከዚህ የበለጠ ንጹህ አሠራር አላየሁም።"

ክቡርነታቸው ይህ አበረታች ጅምር ተጠናክሮ እንዲቀጥል አቅጣጫ አስቀመጡ። እኔም "ተሳታፊዋ በአሠራሩ መደሰታቸውን ገልጸው አመስግነዋል" ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ነው የሚጻፈው። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ፤ እጄ ግን መጻፉን አላቆመም።

በአሥራ ሰባተኛው ስብሰባ ታላቅ ዜና ተሰማ። የረግረጋችን ዝና ከዋናው መሥሪያ ቤት ደርሶ ኖሮ፣ ከፍተኛ እንግዶች ማክሰኞ ሊጎበኙን ነው። እንግዶች ደግሞ ሰው ናቸው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ሰዓት ከተቀመጡ መፀዳጃ ቤት መጠየቃቸው አይቀርም። በር ላይ የተኮለኮለ ጀሪካን ገጽታ ያበላሻል ተባለ። ቧንቧ ሠራተኛው በአስቸኳይ ተጠራ።

"ከማክሰኞ በፊት አራተኛ ፎቅ ውሃ ይድረስ።"

"እሺ ጌታዬ። ጎማዋን ዛሬውኑ እቀይራለሁ።"

"ረግረጉ ግን እንዳይነካ።"

"ጌታዬ፣ ላይ የሚወጣውና ታች የሚፈሰው እኮ አንድ ውሃ ነው።"

"አንተ የሚታይህ ውሃው ነው። ለእኔ የሚታየኝ ራዕዩ ነው።"

"ራዕዩ ጎማዋ ትቀየር ነው የሚለው ወይስ አትቀየር?"

"ውሃ ይድረስ ነው የሚለው! አትነትርከኝ።"

ቧንቧ ሠራተኛው የዋህ ሰው ነው፤ ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠረው። አሥር ደቂቃ ብሎ ነበር፤ በሰባት ደቂቃ ጨረሰ። እማማ አራተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧውን ሲከፍቱ ውሃው እየተፍለቀለቀ መጣ። ፊታቸውን ታጠቡ፣ አንገታቸውን ታጠቡ፣ ሳቁ። ጀሪካኑን ገልብጠው ከበሩ ኋላ ደፉት። እኔም የሚሠራውን ቧንቧ ለማየት ብቻ ብዬ ወጣሁ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት እማማ ጠዋት አንዴ ይወጡና ማታ አንዴ ይወርዱ ነበር። ሐኪሙ ቢያያቸው ባይመርቃቸውም አይቆጣቸውም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ኩሬዋ ደረቀች። ሣሩ ቢጫ ሆነ። እንቁራሪቷ መልቀቂያ ሳትጠይቅ ሄደች።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ፤ ይሄኛው አስቸኳይ ስለሆነ ከአሥራ ሰባቱ ጋር አይቆጠርም። የአካባቢ ጉዳዮች ባለሙያዋ በተሰበረ ድምፅ "ስንፈራው የነበረው ድርቅ ደጃፋችን ደርሷል" አሉ። የንብረት ክፍል ኃላፊው የወከሏት ብትጠፋም ውክልናቸው ግን እንዳልተቋረጠ፣ አበሉም በዚያው አግባብ እንዲታይ ጠየቁ።

ቧንቧ ሠራተኛው እጁን አወጣ። "ክቡር ሰብሳቢ፣ ድርቁን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጎማ ቀይሬ ነው።"

"አንድ ሰው ብቻውን ድርቅ ማምጣት አይችልም" ተብሎ ማብራሪያ ተሰጠው። "ራስህን አታግዝፍ።"

"ታዲያ ላውጣት እንዴ? ጎማዋን?"

"እንግዶቹስ በምን ይታጠባሉ?"

እማማ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ባዶ የውሃ ጠርሙሶች ይሰበስቡ ነበር። ክቡርነታቸው ቀስ ብለው ወደ እሳቸው ዞሩ።

"እናታችን፣ እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ አሁን ውሃ አለ፣ አይደል?"

"አለ ልጄ፣ ተመስገን። ሞልቶ።"

"ጀሪካኑስ የት ነው?"

እማማ ጀሪካኑ ሊመለስ መሆኑ ከሁላችንም ቀድሞ ገባቸው። ጠርሙሱን እንደያዙ ቆሙ።

ቧንቧ ሠራተኛው ከመቀመጫው ተነሳ። "ጌታዬ፣ የግድ ኩሬዋ ውሃ ይደፋባት ከተባለም የበሩ ቧንቧ አለ። ከኩሬዋ አሥር እርምጃ ነው። ደረጃ የለው፣ ምን የለው። እኔው እደፋላችኋለሁ።"

"የበሩ ቧንቧ በረግረጉ ፕሮጀክት ሰነድ ውስጥ የለም" አሉ ክቡርነታቸው። "አራተኛ ፎቅ ግን አለ።"

በዚህ ክርክሩ ተዘጋ። በቀን ስምንት ጀሪካን ከአራተኛ ፎቅ ወደ ረግረጉ እንዲወርድ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እማማም "የረግረግ እንክብካቤ አስተባባሪ" የሚል ማዕረግ ተሰጣቸው። ደመወዙ የጽዳት፣ ማዕረጉ የተፈጥሮ ነው።

ማክሰኞ እንግዶቹ መጡ። ሣሩ ለምልሞ ጠበቃቸው። እንቁራሪቷ የት እንዳለች ሲጠይቁ ስብሰባ ላይ እንደሆነች ተነገራቸው፤ ማንም አልተገረመም። በዚሁ መሀል እማማ ሞልቶ የሚያንጠባጥብ ጀሪካን ይዘው፣ በሌላው እጃቸው የደረጃውን ብረት ተደግፈው፣ አንድ ደረጃ በአንድ ደረጃ ወረዱ።

ክቡርነታቸው እንግዶቹን ወደ እሳቸው መሩ። "ዘላቂነቱን አይታችኋል። ማኅበራዊ ለውጡ ደግሞ ይኸውላችሁ! ውይይታችንን ከመጀመራችን በፊት እኚህ እናት ውሃ ተሸክመው ወደ ላይ ይወጡ ነበር። ዛሬ ተሸክመው ወደ ታች ይወርዳሉ።"

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ከመካከላቸው አንዲቱ፣ ደህና ሴት ይመስሉኛል፣ ወደ እማማ ጠጋ ብለው "እውነት ነው እናቴ? ለውጥ አለ?" አሏቸው።

እማማ ጀሪካኑን አውርደው ጉልበታቸውን ያዙ።

"ለውጥስ አለ ልጄ" አሉ። "ድሮ ሙሉውን ይዤ ነበር የምወጣው፤ አሁን ባዶውን ነው። ደረጃው ግን ያው ነው። እግሬም ያው ነው።"

"ለውጥስ አለ" ያሉትን በቃለ ጉባኤው አናት ላይ በደማቅ ጻፍኩት። ስለ ደረጃውና ስለ እግራቸው የተናገሩት ግን ከአጀንዳ ውጭ ስለነበር አልመዘገብኩትም።